ፋራ ሆኖ የሚገባበት፣ ተሸንፎ የሚለመድበት የጠፈር ሜዳ

አይስላንድ ሲባል የኳስ አፍቃሪው ፈጥኖ ትዝ የሚለው የ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነው። በዚያ ዓመት ጁን 27 ቀን ምሽት ኒስ ላይ፣ የሕዝቧ ቁጥር 330 ሺህ ገደማ የነበረው ይህች ደሴት እንግሊዝን 2ለ1 አሸንፋ ከውድድሩ አሰናብታለች። ዌይን ሩኒ በ4ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት ቢያስቆጥርም አይስላንዶች ወዲያው አቻ ሆኑ፤ በ18ኛው ደቂቃ ደግሞ መሪነቱን ወሰዱ። የእንግሊዙ አሰልጣኝ ሮይ ሆጅሰን በዚያው ምሽት ሥራቸውን ለቀቁ። ከአይስላንድ ሁለት አሰልጣኞች አንዱ የነበሩት ሄሚር ሃልግሪምሶን በሙያቸው የጥርስ ሐኪም መሆናቸውም አይዘነጋም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኳሱ ከመነገሩ በፊት ግን ከዚህችው ደሴት የወጣ ሌላ ጉደኛ ነገር ነበር። ሬይኪያቪክ ውስጥ በ1997 የተቋቋመው «ሲሲፒ» የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ጨዋታ ኩባንያ መነሻ ገንዘቡን ያገኘው ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የሰሌዳ ጨዋታ ሠርቶ ለአገሩ ሰው በመሸጥ ነው። በዚያ ገንዘብ የጀመረው ትልቁ ሥራ ሜይ 6 ቀን 2003 ለገበያ ቀረበ። ስሙም «ኢቭ ኦንላይን» ይባላል። በ2013 ኩባንያው የደንበኞቹ ቁጥር 500 ሺህ መድረሱን አስታወቀ። ከአገሪቱ ሕዝብ በላይ መሆኑ ነው። በ2012 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የቪዲዮ ጨዋታዎችን መሰብሰብ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች አንዱ ይኸው ነበር።

ይህ ጨዋታ ከምንም በላይ የሚታወቀው ግን አዲስ ገቢን በማሠቃየቱ ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚቀባበሉት አንድ የቆየ የካርቱን ሥዕል አለ። የሌሎች ጨዋታዎች የመማሪያ መንገድ ቀስ እያለ እንደሚወጣ ዳገት ተስሏል። የኢቭ ግን ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ከገደሉ ላይ ሰዎች ይረግፋሉ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «በቃ ይቅርብኝ» ብሎ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ይሁንና ከ20 ዓመት በላይ ሳይሰለቹ የቆዩትም አሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከምን ላይ ነው?

አንድ ሜዳ፣ ለሁሉም

እስቲ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያዘወትር ወጣትን አስቡት። ፊፋ ሲጫወት 5ለ0 ቢሸነፍ ሂሳቡን ይከፍልና «ድገም» ይላል። ሁለተኛው ጨዋታ ከ0ለ0 ይጀምራል፤ ያለፈው ሽንፈት ቀርቷል። በኢቭ ውስጥ «ድገም» የሚባል ነገር የለም። ከ7 ሺህ በላይ ኮከቦችና በዙሪያቸው ያሉ ዓለማት በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠዋል። የሎንዶኑም፣ የሞስኮውም፣ የቴክሳሱም ተጫዋች የሚገባው እዚያው ነው። አብዛኛው ተጫዋች ያለው በአንድ ስታዲየም ውስጥ ነው። ጨዋታው በየቀኑ ለጥገና ለአጭር ጊዜ የሚዘጋው በግሪንዊች አቆጣጠር በ11፡00፣ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ውጪ ዓለሙ አይቆምም። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነግዳል፣ ይዋጋል፣ ማዕድን ይቆፍራል።

አዲሱ ተጫዋች ሲመዘገብ ከአራት መንግሥታት አንዱን ይመርጣል፦ አማር፣ ካልዳሪ፣ ጋለንቴ ወይም ሚንማታር። ፊቱን እንደፈለገ ይቀርጽና አንዲት ትንሽ መርከብ በነፃ ይሰጠዋል። መርከቧ እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። በእኛ ቋንቋ የጨርቅ ኳስ በላት። አንድ ጥሩ ነገር አላት፤ ሁሉንም አጥቶ ባዶውን ወደ ጣቢያ ለሚመለስ ሰው እንደገና በነፃ ትሰጠዋለች። ከዚህ በታች መውረድ የለም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ነገር ያደናግረዋል። ከዋክብቱ ያምራሉ፤ ግን በላያቸው ላይ ሰንጠረዥ ተደርድሯል። የመርከብ ስም፣ ርቀት፣ ፍጥነት፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የክህሎት ዝርዝር… አንዱ መስኮት ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ጨዋታውን «በጠፈር ላይ ያለ ኤክሴል» እያሉ የሚያሾፉበት ብዙዎች ናቸው። ፌዙ መጨረሻ ላይ እውነት ሆነና በ2022 ኩባንያው ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ የጨዋታውን መረጃ በቀጥታ ወደ ኤክሴል ማስገቢያ መንገድ እንደሚዘጋጅ አስታውቋል። የሒሳብ ሠራተኛ ለሆነ ሰው ገነት ነው!

ለጀማሪው የሚሰጠው ምክር ግን አጭር ነው፦ ሁሉንም ላውቅ አትበል። ኳስ የጀመረ ልጅ የኦፍሳይድን ሕግ በቃሉ እስኪያጠና ድረስ ከሜዳ ውጪ አይቀመጥም። በጨዋታው ውስጥ ለአዲስ ገቢ የተዘጋጁ የሙያ አስተማሪዎች አሉ። አንዱ ውጊያ፣ ሌላው ማዕድንና ምርት፣ ሌላው አሰሳ ያስተምራል። ሥራ ሲያዝዙ ዕቃና ትንንሽ መርከብ ይከፍላሉ። እነዚህን ዙሮ የጨረሰ ሰው ቢያንስ የትኛው ሙያ እንደሚስማማው ያውቃል።

ሰዓቱ የማያዳላው ልምምድ

ሌላው አዲስ ገቢን የሚያስደነግጠው ነገር የክህሎት ጉዳይ ነው። በሌሎች ጨዋታዎች ብዙ የተጫወተ፣ ብዙ ጭራቅ የገደለ ያድጋል። በኢቭ ውስጥ ክህሎት የሚያድገው በሰዓት ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገውን ክህሎት በተራ ያስይዛል፤ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሥራ ቢሄድም፣ ቢተኛም፣ ቅዳሜን ፕሪሚየር ሊግ ሲያይ ቢውልም ልምምዱ ይቀጥላል።

መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ታዲያ ግልጽ ነው። «በ2003 የጀመረው ሰው ከ20 ዓመት በላይ ሲለማመድ ከርሟል፤ እኔ ዛሬ ገብቼ መቼ ልደርስበት ነው?» መልሱ በጥቅሉ «አትደርስበትም» ነው። በአንድ ቦታ ላይ ግን ትደርስበታለህ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ክህሎት 5 ደረጃ አለው። ቀላል ለሚባለው ክህሎት 1ኛው ደረጃ 250 ነጥብ ይጠይቃል። 2ኛው 1 ሺህ 414፣ 3ኛው 8 ሺህ፣ 4ኛው 45 ሺህ ገደማ፣ 5ኛው ደግሞ 256 ሺህ ነጥብ ነው። ከፍሎ ለሚጫወት ሰው 4ኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ አንድ ቀን ያህል ሲበቃ ከ4ኛ ወደ 5ኛ ለመውጣት ግን ወደ አምስት ቀን ገደማ ይጨምራል። ጥቅሙስ? አንድ ደረጃ 5 በመቶ የሚጨምር ክህሎት ከሆነ ጀማሪው 20 በመቶ ሲያገኝ አንጋፋው ያገኘው 25 በመቶ ነው። የአምስተኛውን ነጥብ 18 በመቶ እንኳ ሳይከፍል ከጥቅሙ አምስት እጅ አራቱን ወስዷል።

አንጋፋው መቶ ዓይነት መርከብ መንዳት ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው ግን በአንዷ ነው። ስለዚህ አዲሱ ልጅ አንዲት ትንሽ መርከብ መርጦ እሷን ብቻ ቢለማመድ፣ በእሷ ላይ ከአንጋፋው ብዙም የማይርቅ ሰው ለመሆን ዓመታት አያስፈልጉትም። የኳሱ ሰው ይህን ያውቀዋል። የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ አጥቂም፣ አማካይም፣ በረኛም ልሁን ቢል ቤንች ላይ ይቀራል። የግራ ተመላላሽነቱን ብቻ ጠንቅቆ ካወቀ ግን ከ35 ዓመቱ ኮከብ ጎን ይሰለፋል።

ከፌብሩዋሪ 2016 ወዲህ የክህሎት ነጥብን በጨዋታው ገበያ ላይ መግዛትና መሸጥ ተፈቅዷል። ኪሱ የሞላ ጀማሪ በአንድ ቀን ግዙፍ መርከብ ላይ መውጣት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንደዚያ በውድ ተገዝቶ የመጀመሪያው ኳስ ከእግሩ ሥር እንደሚነጠቀው አዲስ ፈራሚ ነው። መርከቡ ትልቅ ነው፤ ዓይኑ ግን ገና አልተከፈተም። ትልቅ መርከብ ደግሞ ሲጠፋ ኪሳራውም ትልቅ ነው።

ዳኛው የተሰበረ እግር አይጠግንም

የኢቭ ዓለም በጸጥታ ደረጃ የተከፋፈለ ነው። ከ1.0 እስከ 0.5 ያለው ክልል «ደህና» የሚባለው ነው። ከ0.4 እስከ 0.1 ያለው አደገኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው 0.0 ደግሞ ፖሊስ የማያውቀው፣ ጉልበተኛው ሁሉ የራሱን ግዛት የሚቆርስበት ምድር ነው። አዲስ ገቢ በደህናው ክልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ «እዚህማ ማን ይነካኛል» ይላል። የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በደህናው ክልል «ኮንኮርድ» የሚባል ፖሊስ አለ። ያለ ሕግ የተኮሰን ሰው መርከብ ሳይምር ያወድማል። የሚመጣው ግን ከተተኮሰ በኋላ ነው። ኳስ ላይ እንደምናየው ዳኛው ለአደገኛ ታክል ቀይ ካርድ ያወጣል፤ የተሰበረውን እግር ግን አይጠግንም። ወንበዴዎቹ ይህን በደንብ ያውቃሉ። በርካሽ መርከብ ሆነው ውድ ዕቃ የጫነውን ይጠብቃሉ፤ ፖሊስ እስኪደርስ ባሉት ሰከንዶች ውስጥ ያወድሙታል። እነሱም ይወድማሉ፤ ጓደኛቸው ግን የወደቀውን ዕቃ ለቅሞ ይሄዳል። ሒሳቡ ከተጣራ ትርፍ ነው።

የጠፋ መርከብ አይመለስም። ለሁለት ወር ገንዘብ ያጠራቀመበት ቢሆንም በቃ፣ ጠፋ። መድን ከገባ የተወሰነውን ያገኛል፤ የጫነው ዕቃና የገጠመው መሣሪያ ግን አብሮ ሄዷል። አንጋፋዎች ለጀማሪ የሚነግሩት የመጀመሪያ ሕግም ከዚህ የመጣ ነው፦ ብታጣው መልሰህ ልትገዛው የማትችለውን መርከብ ይዘህ አትውጣ። ይህን ሕግ ሰምቶ የሚያከብር ጥቂት ነው። ብዙው የሚማረው ያለ የሌለውን ገንዘብ ያፈሰሰበት የመጀመሪያ ትልቅ መርከቡ ሲቃጠል ቆሞ ካየ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ልማድ «መቃኘት» ነው። ዣቪ ባርሴሎና እያለ ኳስ ከመቀበሉ በፊት አንገቱን ግራ ቀኝ ሲያዞር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በኢቭ ውስጥም በዙሪያ ያሉ መርከቦችን የሚያሳይ መቃኛ አለ። ጥሩ ተጫዋች በየጥቂት ሰከንዱ ይጫነዋል። ቀሽሙ ደግሞ ማዕድኑን እየቆፈረ ሌላ ነገር ያያል። አደጋው ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

«ቀይዋን ያየ!»

በጨዋታው ውስጥ «ጂታ» የሚባል የንግድ ማዕከል አለ። መርካቶ በሉት። የማይሸጥ ነገር የለም፤ ገንዘቡም «ኢስክ» ይባላል። ከአይስላንድ ክሮና ዓለም አቀፍ ምሕጻር ጋር አንድ መሆኑ የሠሪዎቹ ቀልድ ነው። ጂታ የደረሰ ጀማሪ የመልእክት መስኮቱን ሲከፍት «ገንዘብህን ላክልኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚለው ማስታወቂያ እንደ ዝናብ ይወርድበታል። መንገድ ዳር ካርታ ዘርግቶ «ቀይዋን ያየ!» የሚለውን ሰው የሚያውቅ አራዳ ስቆ ያልፋል። ፋራው ግን ይልካል። መጀመሪያ ትንሽ ይላክና እጥፉ ይመለስለታል። ከዚያ ያለውን ሁሉ ይልካል፤ ተበላ!

አቤቱታ ቢያቀርብ ሰሚ የለውም። በዚህ ጨዋታ ማታለል ሕጉ የሚፈቅደው የጨዋታው አካል ነው። በዚህ ረገድ እስከዛሬ የሚወራው የ2005ቱ ታሪክ ነው። «ጋይዲንግ ሃንድ ሶሻል ክለብ» የተባለ ቡድን ሰዎቹን ወደ አንድ ትልቅ ኮርፖሬሽን አስገብቶ አንድ ዓመት ያህል በታማኝነት እንዲያገለግሉ አደረገ። ሰዎቹ ሥልጣን እስኪይዙ ታገሡ። ከዚያ በአንድ ቀን ምልክት ሲሰጣቸው የመሪዋን መርከብ አወደሙ፤ መጋዘኑንም ጠራርገው ወሰዱ። ዘረፋው በወቅቱ ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ተገምቷል። ማንም አልተቀጣም። ለአንባቢ ጭካኔ ይመስል ይሆናል፤ ለተጫዋቹ ግን አንድ ትምህርት አለው። ሰው ማመን እንደ ገንዘብ ሁሉ በልክ የሚወጣ ነገር ነው።

ታክል የሚገባው ልጅ

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድን ጀማሪ ለማባረር ይበቃል። መርከብ ይጠፋል፣ ገንዘብ ይበላል፣ አንጋፋው አይደረስበትም። የቆዩት ሰዎች ምን አግኝተው ነው ታዲያ የቆዩት? መልሱ ያለው ቡድን ውስጥ ነው።

በኢቭ ውጊያ ማንኛውም መርከብ አደጋ ሲያይ ተስፈንጥሮ መሰወር ይችላል። ስለዚህ ግዙፉን ጠላት ለመምታት መጀመሪያ እንዳያመልጥ ያዥ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ትንሽ ፍሪጌት ላይ ይገጠማል፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ የጠላትን መስፈንጠሪያ ይዘጋል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገውን ክህሎት ጀማሪው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይይዘዋል። ሥራው በጨዋታው ቋንቋ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «ታክል!» ስሙ ሳይቀር ከኳሱ ጋር አንድ ነው።

የሳምንት ዕድሜ ያለው ልጅ እንግዲህ ለአንጋፋዎቹ የሚጠቅመው በዚህ ነው። አዛዡ በድምፅ መገናኛው «ያዘው!» ሲለው ትንሿን መርከብ በፍጥነት እያዞረ ባላንጣው ላይ ይጣበቃል። ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ትልቁ መርከብ ሳያመልጥ ጓደኞቹ ይደርሳሉ፤ ወይ ልጁ ይመታል። ቢመታም ያጣው ርካሽ መርከብ ነው፤ ብዙ ኮርፖሬሽኖች ለጀማሪ እንዲህ ያለውን መርከብ በነፃ ይተኩለታል። ጎል አያስቆጥር እንጂ ያለ እሱ ጎሉ አይገባም። ማኬሌሌን ከሪያል ማድሪድ የሸጡት ሰዎች ይህን ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በኢቭ ውስጥ ቃል በቃል ተሠርቶበታል። በ2006 ገደማ «ጉንስዋርም» የተባለ የጀማሪዎች ስብስብ ወደ ጨዋታው ጎረፈ። በወቅቱ ገዢ የነበረው «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» የተባለው የአንጋፋዎች ጥምረት እነዚህን ልጆች እንደ ቀልድ ነበር ያያቸው። ልጆቹ ግን ርካሽ ፍሪጌት እየነዱ በመቶዎች ሆነው መጡ። አሥር ይመታሉ፣ ሃያ ይመጣሉ። ጦርነቱ ዓመታት ከፈጀ በኋላ በፌብሩዋሪ 2009 ያልታሰበ ነገር ሆነ። ከባንድ ኦፍ ብራዘርስ ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ከድቶ ወደ ጉንስዋርም ሄደ፤ በያዘው ሥልጣንም ጥምረቱን ከመዝገብ ላይ አፈረሰው። ከክለቡ ቦርድ አንዱ ሌሊት ተነስቶ ሪያል ማድሪድን ቢያፈርስ ማለት ነው። ጠዋት የነቁት ተጫዋቾች ማሊያቸው የለም፤ ግዛታቸውም ጥበቃ አጥቷል።

ሂሳብ ያልከፈለው የ21 ሰዓት ጨዋታ

ቡድን ውስጥ የገባ ሰው አንድ ቀን ትልቁ ደርቢ ላይ ይገኛል። ከሁሉ የሚነገርለት ጃንዋሪ 27 ቀን 2014 «ቢ አር ፋይቭ» በተባለው የኮከብ ሥርዓት የተጀመረው ነው። መነሻው የሚያስቅ ነው፤ የአንድ ግዛት ሂሳብ ሳይከፈል ቀረ። ጠላት ይህን አይቶ ወዲያው ገባ። ባለግዛቶቹ ለማስመለስ መጡ። እዚያም እዚህም «ኑ ድረሱ» ተባለ። ሰዎች ከእንቅልፋቸው እየተጠሩ ገቡ። ውጊያው ወደ 21 ሰዓት ፈጀ፤ ከ7 ሺህ 500 በላይ ተጫዋቾች በተለያየ መንገድ ተሳተፉበት። በጨዋታው ትልቁ የሆነው «ታይታን» የተባለው መርከብ 75 ያህል ወደመ። ታይታን አንዱን ለመሥራት ብቻ የብዙ ሰው የሳምንታት ሥራ ይጠይቃል። የጠፋው ንብረት በእውነተኛ ገንዘብ ሲተመን ከ300 ሺህ ዶላር አያንስም ተባለ።

በዲሴምበር 2020 መጨረሻ «ኤም ቱ» በተባለው ሥፍራ የተደረገው ውጊያ ደግሞ ይህንንም በልጦ 257 ታይታን አስወድሟል። ኪሳራው 378 ሺህ ዶላር ተገምቶ በጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በእንዲህ ዓይነቱ ቀን ሰርቨሩ ጭነቱን ስለማይችል የጨዋታውን ሰዓት ያዘገየዋል። ዝግታው እስከ አሥር እጥፍ ስለሚደርስ አንድ ሰከንድ አሥር ሰከንድ ይሆናል። ተኩሱ በዝግታ ይታያል፤ ሰዉም ሻይ እያፈላ ይዋጋል።

የፉክክሩ ነገር ለሚማርከው ደግሞ ኩባንያው ከ2005 ጀምሮ ያካሄደው «የአሊያንስ ቶርናመንት» አለ። ቡድኖች በተወሰነ ነጥብ ውስጥ መርከቦቻቸውን መርጠው ይሰለፋሉ። ኮሜንታተር አለ፣ የታክቲክ ትንተና አለ፣ ከጨዋታው በፊት አሰላለፍን መደበቅ አለ። ተቃራኒ ቡድን ልምምዱን ለማየት ሰላይ እስከመላክ ይደርሳል።

ከመሸነፍ የሚማረው ማነው?

በ2015 ሬይኪያቪክ ላይ በተደረገው የተጫዋቾች ዓመታዊ ስብሰባ ኩባንያው አንድ ያልተጠበቀ ግምገማ አቅርቧል። 80 ሺህ ገደማ የሚሆኑ አዲስ ገቢዎች የመጀመሪያ ቀናት ተጠንተዋል። የሁሉም ግምት፣ የኩባንያው ሰዎች ሳይቀር፣ አንጋፋ ወንበዴዎች ጀማሪውን እየገደሉ ያባርሩታል የሚል ነበር። ውጤቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በደህናው ክልል ያለ ሕግ ተጠቅተው የተገደሉት ጀማሪዎች 1 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ በጨዋታው የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ብሎ የተገኘው የተገደሉት ነበሩ። ብዙው ማንም ሳይነካው፣ አንድም መርከብ ሳያጣ፣ ብቻውን ዞሮ ዞሮ ሰልችቶት የወጣ ነው።

ነገሩ ሲታሰብ አያስገርምም። ለልጁ የመጀመሪያው ሽንፈት ከሌላ ሰው ጋር የተገናኘበት የመጀመሪያው ቀን ነው። «ለምን መታኸኝ?» ብሎ ይጽፋል። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ይመልስለታል፤ ምን እንደተሳሳተ ይነግረዋል፤ አንዳንዴም የጠፋበትን መርከብ ዋጋ ይልክለታል። የእያንዳንዱ መርከብ አወዳደቅ ከነዝርዝሩ ስለሚመዘገብ የቡድን ጓደኞቹም እንደ ጨዋታ ቪዲዮ አብረውት ያዩታል። ምን ገጥሞ ነበር? ማንን አላየም? መቼ ነበር መውጣት የነበረበት? ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ይሆናል።

ይህን ሥራ ብለው የያዙም አሉ። «ኢቭ ዩኒቨርሲቲ» የተባለው ኮርፖሬሽን በተጫዋቾች የተቋቋመው በ2004 ነው። ሥራው ማስተማር ብቻ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው መምህር የለውም። ጀማሪው ትምህርት ይከታተላል፣ ልምምድ ይወጣል፣ ጥያቄ ይጠይቃል። ትናንት የተማረው ዛሬ ያስተምራል። የሠፈር ቡድን አሰልጣኞች በትርፍ ሰዓታቸው ልጆች እንደሚያሠለጥኑት መሆኑ ነው።

ዋጋውስ?

ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ ጨዋታውን ያለ ክፍያ መጀመር ተችሏል። በነፃ የሚጫወተው የተወሰኑ መርከቦችንና ክህሎቶችን ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ልምምዱም ይዘገያል። ታክል ለመግባት ግን በቂ ነው። ሙሉ አባልነት የሚፈልግ በወር ይከፍላል፤ ወርኃዊ ክፍያው በ2022 ወደ 19.99 ዶላር ከፍ ብሏል። ዶላር ለሚያስቸግረው ሌላም መንገድ አለ። በጨዋታው ውስጥ ነግዶ ባገኘው ኢስክ የአባልነት ጊዜውን መግዛት ይችላል። ለጀማሪ ግን ይህ ቀላል አይደለም፤ ለዚያ ብሎ ቀን ከሌት ማዕድን የሚቆፍር ሰው ጨዋታውን ሁለተኛ ሥራ አድርጎታል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው። ሥራና ትምህርት ያለበት ሰው ልኩን ማወቅ አለበት። ክህሎቱ ተኝተህም የሚያድግ መሆኑ እዚህ ላይ ይረዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥ የግድ አይደለም። ሳምንት ውስጥ ሁለት ምሽት ከቡድኑ ጋር የሚወጣ ሰው ሰባቱንም ምሽት ብቻውን ከሚቆፍረው ይልቅ ይማራል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚፈጠረው ጓደኝነት ከስክሪን የሚያልፍ መሆኑ በ2012 ታይቷል። ሴፕቴምበር 11 ቀን ሊቢያ ቤንጋዚ ውስጥ በአሜሪካ ቆንስላ ላይ በደረሰው ጥቃት ከተገደሉት አራት አሜሪካውያን አንዱ ሾን ስሚዝ የኢቭ ተጫዋች ነበር። በእውነተኛው ዓለም የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በጨዋታው ውስጥ ደግሞ የጉንስዋርም ዲፕሎማት ነበር። ሞቱ ሲሰማ ወዳጅም ጠላትም የነበሩ ጥምረቶች የጠፈር ጣቢያዎቻቸውን በስሙ ሰየሙ። በጦር ሜዳ ሲተኳኮሱ የከረሙ ሰዎች አብረው አዘኑ።

በ2014 ደግሞ ሬይኪያቪክ ወደብ አጠገብ ለጨዋታው ሐውልት ቆሟል። በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው በወቅቱ ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች የጨዋታ ስም ነው። ታይታን ያወደመው ከእነ ስሙ አለ፤ ትንሿን ፍሪጌት ይዞ ታክል ገብቶ በሁለተኛው ሰከንድ የጋየውም አለ። በኳስ ዋንጫ ላይ የሚቀረጸው የሻምፒዮኑ ስም ብቻ ነው። እዚያ ግን የተሸነፈውም ተጽፏል፤ ሁሉም በፋራነት ነውና የጀመረው።